ሣጥኖቹ ከሄዱ በኋላ የመጣ መርዶ

እስከዳር ሲያትልን በሚያቅፈው በኪንግ ካውንቲ ያሉትንና የነበሩትን የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያኖች ታሪክ መሰብሰብ ስትጀምር መጀመሪያ የሳቅኩባት እኔ ነኝ። «የሞተ ፈረንጅ መዝገብ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። እሷ እንደ ልማዷ አልተቀየመችም። «አንቺ መንዳቱን ንጂልኝ፤ ሌላውን ለኔ ተይው» አለችኝ። በዚህ ዓይነት እኔ ጀውሃራ፣ የደሴ ልጅ፣ አምስት ወቅት የምሰግድ ሙስሊም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የፕሮቴስታንት መዝገብ ፍለጋ ስነዳ ከረምኩ። አላህ ያውቃል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የምንኖረው ከሲያትል በስተደቡብ ቡሪየን ነው፣ በር ለበር። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ እሷ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች። መኪናም መንጃ ፈቃድም አላት። ሃይዌይ ላይ ስትወጣ ግን መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ እንደ ኤሊ ስለምትሄድ ኋላዋ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባታል። ስለዚህ የሩቁ መንገድ የኔ ድርሻ ሆነ።

ሲያትል የመጣችው በዲቪ ነው፤ ልጇን ኤዶምን ታቅፋ። ባሏ «ተከትዬ እመጣለሁ» እንዳለ እዚያው አዲስ አበባ ሌላ አገባ። ይኼን ስታወራኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም፤ የተናደድኩላት እኔ ነኝ። ክፉ ነገር ሲደርስባት አታለቅስም፣ ሥራ ትፈልጋለች። ያኔም የሰው እናት መንከባከብ ጀመረች። ከተንከባከበቻቸው አሮጊቶች አንዷ የፕሬስቢቴሪያን አማኝ ነበሩና እሑድ እሑድ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ትወስዳቸው ነበር። አሮጊቷ ሞቱ፤ እስከዳር ግን እዚያው ቀረች። ቤተሰቦቿ ከወለጋ ናቸው፣ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች፤ ስለዚህ ዝማሬው ብዙም እንግዳ አልሆነባትም።

ፕሬስቢቴሪያን ማለት በሽማግሌዎች የሚተዳደር ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው ብላ አስረድታኛለች። «ታዲያ ዕድር በይኛ!» አልኳት። «ዕድርስ ይሻላል፤ እነሱ ስብሰባቸው አያልቅም» አለችኝ እየሳቀች።

ቤተ ክርስቲያኗ ከዳውንታውን በስተደቡብ፣ ኮረብታ ላይ ያለች የጡብ ሕንፃ ናት። ጠዋት ፈረንጆቹ ያመልኩባታል፤ ሁሉም ያረጁ ናቸው፣ የቀሩት አንድ አውቶቡሴን አይሞሉም። ከቀትር በኋላ የኛ ሰዎች ይገቡባታል። የአማርኛውን ኅብረት የሚመራው ጌዴዎን ነው። አንደበቱ የለሰለሰ፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ለሽማግሌዎቹ ጉባኤም የተመረጠ ብቸኛው ሐበሻ። ያንን አዳራሽ ለአማርኛው ኅብረት ደጅ ጠንታ ያስፈቀደችው እስከዳር ናት። ጌዴዎንን «ወንድሜ» ስትለው ከአንገት በላይ አልነበረም።

ሥራውን የሰጣት እሱ ነው። በካውንቲው ውስጥ የነበሩት ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ፣ ያሉትም የተዘጉትም፣ ታሪካቸው በኮረብታው አዳራሽ ለኤግዚቢሽን ይቀርባል፤ መዝገብ የሚፈልግና የሚያሰባስብ ሰው ያስፈልጋል አላት። «ሽማግሌዎቹ ከሁሉ አንቺን መርጠዋል» አላት። ያን ቀን ማታ በሬን ስታንኳኳ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ወይም ከሌላው ሲቀላቀል መዝገቡ የሚገባበት አይታወቅም። የጥምቀቱ መጽሐፍ በመጨረሻው ጸሐፊ ጋራዥ፣ የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ በልጅ ልጁ ቤት፣ የሴቶች ማኅበሩ ደብተር ከማሞቂያው ጀርባ ተወርውሮ ይገኛል። እስከዳር ከአንዱ መዝገብ የሌላውን ስም ታወጣለች፤ ስሙን ይዛ ትደውላለች፤ ሰውየው ሞቶ ከሆነ ልጁን ታፈላልጋለች። ቃለ ጉባኤ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሲወጣ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን የነበረው ኮንዶሚኒየም ሆኖ፣ የመሠረት ድንጋዩ ከቆሻሻ ገንዳው ኋላ ተጋርዶ ዓመተ ምሕረቱን በጣቷ ስትዳስስ አይቻለሁ። አንዴ ደግሞ በዝናብ ኤቨረት ድረስ ነድቼ በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ውይ ጀውሃራ! ኤቨረት እኮ ሌላ ካውንቲ ናት» አለችኝ። እስከ ቤታችን ድረስ ተቆጣኋት፤ እሷ እስከ ቤታችን ድረስ ሳቀች።

አንድ ቀን ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ደብተር ላይ «በአቢሲኒያ ላለው ሐኪም ቤት ፋሻ ሰፍተን ላክን» የሚል አገኘች። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው። «የአያቴን እግር ያዳነው የአሜሪካ ሚሲዮን ሐኪም ነው። በዚህ ፋሻ ሊሆን ይችላል እኮ!» አለች። ሊሆን አይችልም ብዬ ደስታዋን አልነጠቅኳትም። እዚህ አገር ሳትመጣ በፊት አንድ ሰው ያሰባት መስሏት ነበር፤ ለዚያ ነው ሥራውን እንደ ዘመድ ጉዳይ የያዘችው።

በሐምሌ ሚስ ሎይስ ጋ ሄድን። ሚስ ሎይስ ከሬድመንድ ወዲያ፣ ድሮ የወተት ላም ይረባበት በነበረ ዛሬ ግን የኮምፒዩተር ሠራተኞች ቤት በሞላው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ፈረንጅ አንቱታ አያውቅም፤ ቢሆንም ዘጠና ያለፋቸውን ሴት «እሷ» ብዬ ብጽፍ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትቆጣኛለች። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሕንፃው ብስክሌት መሸጫ ሆኗል። የጥምቀቱን መዝገብ ግን እሳቸው በትራስ ልብስ ጠቅልለው ከአንሶላዎቻቸው መካከል አስቀምጠውታል።

አንድ ገጽ ገልጠው አሳዩን። የመጀመሪያ ልጃቸው ታሞ ተወለደ፤ ፓስተሩ ሐኪም ቤት መጥተው አጠመቁት፤ ሳይውል ሳያድር ሞተ። «ያኔ ድሆች ነበርን፤ መቃብሩ ላይ ድንጋይ አላቆምንለትም። ስሙ ያለው እዚህ ብቻ ነው» አሉን። መስጠት አልፈለጉም። እስከዳርም አልገፋፋቻቸውም፤ ጎናቸው ተቀመጠች። ስንነሣ ግን፣ «ኤግዚቢሽኑ ላይ ይህ ገጽ ተከፍቶ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። ሲያልቅ በገዛ እጄ አመጣልዎታለሁ፤ ቃሌ ነው» አለቻቸው። ሚስ ሎይስ መጽሐፉን ከነትራስ ልብሱ ሰጧት። ቤቷ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች።

ኤግዚቢሽኑ ለጥቅምት ነው ተባለ። በመስከረም መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ የጭነት መኪና መጣ። መዝገቦቹ የታሸጉባቸው ሣጥኖች እንዲደራጁ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳሉ አላት ጌዴዎን። እሷው ራሷ እየተሸከመች አስጫነች፤ የሚስ ሎይስን መጽሐፍ ፎጣ ደርባ ጠቀለለችው። ከፈረንጆቹ ሽማግሌዎች አንዲቷ ሴትዮ መጥተው አቅፈዋት፣ «አንቺ ግን እንዴት ቻልሽው? እኔ ብሆን አልችልም ነበር» አሏት። እስከዳር ሸክሙን ያሉ መስሏት፣ «ኧረ ቀላል ነው» ብላ መለሰች።

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሱብሂ ሰግጄ ምንጣፌን ሳላጥፍ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ዘካሪያስ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ የኅብረቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው። ጌዴዎን አብሯቸው አለ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች አሉ። ከሁሉ ኋላ የእስከዳር ልጅ ኤዶም አንገቷን ደፍታለች። ሐበሻ የሆነ ሰው በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ሰልፍ ሲያይ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ልጄ ጀውሃራ» አሉ ጋሽ ዘካሪያስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጎረቤቷ ነሽና አብረሽን ግቢ። ለእስከዳር የምንነግራት ነገር አለ።»

«ጳውሎስ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ጳውሎስ ወንድሟ ነው፤ አዲስ አበባ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቷል።

«ግቢ ልጄ፤ ውስጥ ትሰሚያለሽ።»

እስከዳር የሥራ ልብሷን ለብሳ በሩን ከፈተች። አንድ ጊዜ አየችን። «ጳውሎስ! ጳውሎሴ!» ብላ ጮኸች፤ ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ወደቀች። እኔም ላይዋ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ሁለቱ ሴቶች አለቀሱ። ከፎቅ ያለው ጎረቤት መስኮት ከፈተ።

ጋሽ ዘካሪያስ ግራ ገባቸው። «ኧረ ጳውሎስ ደኅና ነው! ልጄ፣ ደኅና ነው! ጳውሎስ አይደለም!»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች ከመሬት ሳትነሣ።

«ቤተ ክርስቲያናችን ናት» አሉ ሽማግሌው። «የኮረብታዋ። ተዘጋች።»

መጀመሪያ «ተመስገን» አለች። ወንድሟ አልሞተማ! እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እንዲያውም ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኛም ተቀመጥን፤ እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን።

«መቼ ነው የተወሰነው?» አለች።

ጌዴዎን ምንጣፉን ያያል።

«ጌዴዎን፣ አንተን ነው።»

«ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል» አለ፣ «ከፋሲካ በፊት።»

«ኤግዚቢሽኑስ?»

«እሱማ ያኔውኑ ካንስል ሆነ። እና... ሕንፃው ለሽያጭ ወጥቷል።»

«ሐሙስ ያስጫንኳቸው ሣጥኖች?»

«የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ የካውንቲውን ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ የሚመራው የበላይ ጉባኤ ንብረት ነው፤ ደንባቸው ነው። ማስቀመጫው ምሥራቅ አሜሪካ ነው። የሚዘጉትን ሁሉ አብረው ሊልኩ ፈለጉ፤ አንቺ የሰበሰብሽውንም ጨምሮ።»

«እኔ እኮ ሚስ ሎይስ ጋ የሄድኩት በሐምሌ ነው» አለች እስከዳር። ከኔ በቀር የገባው አልነበረም። ቃሏን ለአሮጊቷ ስትሰጥ ኤግዚቢሽን የሚባል ነገር ከሞተ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከአፏ ሳይወጣ በፊት ውሸት ነበር።

«ፈረንጆቹስ? ለምን አንዳቸው አልነገሩኝም?»

ጌዴዎን ከምንጣፉ ቀና ሳይል መለሰ። «ታውቃለች ወይ ብለው ጠይቀውኛል። በባህላችን መሠረት እኛው ነግረናታል አልኳቸው። እህቴ፣ ክፉ ወሬ እንዲያው ዝም ብሎ አይወረወርም። ቤተ ክርስቲያኗን እንዴት እንደምትወጃት እናውቃለን። መርዶ ጊዜ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ተጸልዮበት... ወይስ በቴክስት እንላክልሽ?»

እንግዲህ እኔ ዓመት ሙሉ ያልተነገረኝ አፌ ስለማይያዝ ነው። ያን ጊዜም አልተያዘም። «መርዶማ ለሞተ ሰው ነው!» አልኩት። «በሽተኛው ሳይሞት ዓመት ሙሉ አልጋው አጠገብ ነበረች እኮ! ሊሞት መሆኑን ደብቃችሁ መግነዙን አሰፋችኋት! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። አሁን ሣጥኑ ከሄደ በኋላ ጋቢ ለብሶ መምጣት ምንድን ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

«ጀውሃራ፣ ተይው» አለች እስከዳር። ከዚያ ወደሱ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «መርዶውን አቆየህ። እሺ። ሥራውን ግን ለምን አላስቆምከኝም?»

ጌዴዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ብነግርሽ ትጨርሺው ነበር?» አለ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ፈረሱ ይህን ያህል በለሰለሰ አፍ ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

«እነሱ አርጅተዋል፤ የሚሠራ ሰው አልነበራቸውም» ሲል ቀጠለ። «ሥራው ካለቀ ለኅብረታችን ሌላ አዳራሽ እንፈልግላችኋለን ብለውናል። አግኝተውልናልም። እሑድ እዚያ እንጀምራለን። ያደረግነው ለሁላችን ነው፤ ላንቺም።»

እስከዳር ዓይኗን ከሱ ላይ አንሥታ ልጇ ላይ አሳረፈች። «አንቺም?» አለቻት።

ኤዶም አለቀሰች። «ማም፣ አይ ዋንትድ ቱ ቴል ዩ። ዘይ ሴድ ዌይት» አለች። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ጠብቂ አሉኝ ማለቷ ነው። ባሏ እንደከዳት ስታወራኝ ያልተንቀጠቀጠው ድምፅ ያን ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «ኤዶሜ፣ በየሳምንቱ እኮ ያገኘሁትን ሁሉ አጫውትሽ ነበር» አለቻት። «ትስቂ ነበር እኮ።»

ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተች። «ሂዱልኝ» አለች። እስከዳር ሻይ ሳታቀምስ ሰው ከቤቷ ስትሸኝ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ዘካሪያስ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እኔም የሰማሁት ትናንት ማታ ነው ልጄ፤ ና ብለውኝ መጣሁ። ይቅር በይኝ» አሉ። «እርስዎ ምን አደረጉ» ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የሌሎቹን ፊት ግን አላየችም።

ሰኞ ወደ በላይ ጉባኤው ቢሮ ደወለች። አንዲት ትሑት ልጅ አንሥታ በትሕትና አስረዳቻት። የሚስ ሎይስ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ መዝገቡ ያኔውኑ ለጉባኤው መግባት ነበረበት፤ ስለዚህ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አይመለስም። ማየት የፈለገ ቀጠሮ ይዞ እዚያው መጥቶ ሊያይ ይችላል። ስላገኘሽልን በጣም እናመሰግናለን አለቻት። እስከዳር ስልኩን ዘጋች።

ክፉ መካሪ አትበሉኝና፣ እኔ ለሚስ ሎይስ መንገሩን ተይው ነበር ያልኳት። «አሮጊት ናቸው፤ መጽሐፉ አዳራሽ ውስጥ ተከፍቶ ሰው ሁሉ እያየው ነው ብለው ቢያልፉ ምን አለበት? ለምን ልባቸውን ትሰብሪያለሽ?»

እስከዳር አየችኝ። «ጌዴዎንም እኮ እንዲህ ነው ያለው» አለች። የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ።

ስንደርስ ሚስ ሎይስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል፤ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። እመጣለሁ ብላ ስትደውልላቸው ለኤግዚቢሽኑ ልትወስዳቸው መስሏቸው ኖሯል። «አዳራሹ ደረጃ አለው እንዴ? ጉልበቴን ያመኛል» አሉ ገና ሰላም ሳይሉን።

እስከዳር ቆማ ነገረቻቸው። አላድበሰበሰችም፤ ሰው አላሰባሰበችም፤ ራሷንም አልከለለችም። ኤግዚቢሽን የለም፤ መጽሐፍዎ ሄዷል፤ አይመልሱትም፤ ወስጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ አለቻቸው።

አሮጊቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸጉራቸው ሳስቷል፤ ለዚህ ቀን ብለው አበጥረውታል። «የት ነው ያለው?» አሉ። ነገረቻቸው። «አውሮፕላን መሳፈር አልችልም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አላውቅም ነበር» አለች እስከዳር።

«አምንሻለሁ» አሉ ሚስ ሎይስ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ለዚህ ነው አንቺን የላኩሽ። የሚያውቅ ሰው ቢመጣብኝ ኖሮ ፊቱ ላይ አይቼ ባልሰጠሁት።»

በሩን ዘግተው ገቡ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ ተቀመጥን። እኔ ጌዴዎንን እረግማለሁ፤ የፈረንጅ ሽማግሌዎቹን እረግማለሁ፤ ከማውቀው አማርኛ ሁሉ ስድቡን እያወጣሁ ነው። እስከዳር እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የተዘጋውን በር ታያለች።

«ጀውሃራ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ የመረጡኝ ስለማውቅ መስሎኝ ነበር።»